ወንድሜ ከአሜሪካ ያመጣልኝ የምራቅ ምርመራ ስለ ዓይኔ የነገረኝ

ዕቃው ዘረ መልን ከምራቅ የሚመረምር ኪት ነው፤ ትንሽ ካርቶን። ውስጡ ቱቦ፣ ክዳንና መመሪያ አለው። ቱቦውን እስከ ምልክቱ ድረስ በምራቅ ትሞላላችሁ። ክዳኑ ሲገጠም ውስጡ ያለው ፈሳሽ ወርዶ ከምራቁ ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ በፊት ግማሽ ሰዓት መብላትም መጠጣትም የለም። እኔን ምራቅ እምቢ አለኝ፤ አፌ ድርቅ። የጎረቤት ቡና ተቆልቶ ጭሱ ሲመጣ ነው የሞላልኝ። ወንድሜ ሲመለስ ይዞት ሄደ፣ ውጤቱ በስልኬ መጣ። ወደ 200 ዶላር ከፍሎበታል። በብር አታስሉት፣ ያናድዳል።

ነገሩ የመጣው በእማዬ ነው። ሐይቅ ከተማ ነው የምትኖረው። ምስር ስትለቅም ጠጠሩ እያመለጣት ወጡ ውስጥ ይገኝ ጀመር። ጎረቤቱ ሁሉ ሞራ ነው አለ። አይፈረድበትም፤ በአገራችን ዓይነ ስውር ከሆነው ሰው ግማሽ ያህሉ በሞራ ነው። ደሴ አምጥቼ አንድ የግል የዓይን ክሊኒክ አሳየኋት። ዶክተሯ ጠብታ ጨምራ በደንብ ካየቻት በኋላ፣ «እናቴ፣ ፊቴን ሲያዩ አፍንጫዬ ይታይዎታል?» አለቻት።

«ጆሮሽማ ይታየኛል ልጄ። አፍንጫሽን ማን ወሰደብሽ?»

የተጎዳው ማኩላ ነው፤ ፊት ለፊት ያለውን ጥርት አድርጎ የሚያሳየን የሬቲና (ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) መሃል። ዕድሜ ሲገፋ የሚመጣ ነው። ዳር ዳሩ ይታያል፣ መሃሉ ይጠፋል። አያቴም በስተርጅና ሰው የምትለየው በድምፅ ነበር። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ካቃተኝ እንጀራዬ ቆመ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ነው ኪቱን የገዛው።

ሪፖርቱ ሁለት ዘረ መሎች ላይ ያሉ ለውጦችን ብቻ ነው የሚያየው። አንዱ ሲኤፍኤች ይባላል፣ ሌላው ኤአርኤምኤስ2። እኔ ላይ የሲኤፍኤቹ ለውጥ አንድ ቅጂ ተገኘ፤ ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ ስለሚወረስ ሁለትም ሊሆን ይችል ነበር። ይህ ዘረ መል የሚሠራው ፕሮቲን የሰውነታችን መከላከያ ከልክ አልፎ የራሳችንን አካል እንዳይጎዳ የሚይዘው ነው። ለውጡ ይህን ፍሬን ያላላዋል፤ ከኮምቦልቻ በላይ ባለው ቁልቁለት ፍሬኑ የላላ አይሱዙ ሲወርድ አስቡት። ጉዳቱ በዓመታት ውስጥ ማኩላው ላይ ይጠራቀማል። ግንኙነቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። አንድ ቅጂ አደጋውን ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ፣ ሁለት ቅጂ ደግሞ ስድስት እጥፍ ገደማ ያሳድገዋል ይላሉ።

ማን ላይ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ቁጥሩ የመጣው በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች ነው። ሪፖርቱም ወደ ታች ወረድ ብሎ ያምናል። ያው ለውጥ አፍሪካውያን ላይም በብዛት ይገኛል፤ ከባዱ ደረጃ ግን ጥቁሮች ላይ ከነጮቹ ያንሳል። ታዲያ የነሱን ስድስት እጥፍ አምጥቶ ወሎዬ ላይ እንዴት ይለጠፋል? እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ትልቅ ጥናት ከበሽታው ጋር የተያያዙ 52 ለውጦች አግኝቷል። ኪቱ የሚያየው 2። ከባዶቹ እነሱ መሆናቸውን አልክድም። ግን «የለብህም» የተባለ ሰው ተረጋግቶ እንዳይተኛ።

ውጤቱን ለዶክተሯ አሳየኋት። አየት አድርጋ ስልኬን መለሰችልኝ። «እናትሽ እንዳለባት ታውቂያለሽ አይደል? እሱ ይበቃኛል» አለች። ከዚያ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ካሬ ካሬ መስመር፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ፤ የአምስለር ሰንጠረዥ ነው። አንድ ዓይን ሸፍኖ ነጥቡን ማየት ነው። መስመሩ ከተጣመመ ወይም ከጎደለ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም። እማዬም ጋ ግድግዳው ላይ ለጥፌላታለሁ። በተሻለው ዓይኗ እያየች፣ «ዛሬም ቀጥ ብሏል» ትለኛለች በስልክ።

ወንድሜ እንክብልም ልኮ ነበር። ሉቲን፣ ዚንክ፣ ቫይታሚን ሲ እና ኢ አለው። ዶክተሯ ለእማዬ ፈቀደች። አንዱ ዓይኗ ገፍቶ ሄዷል፣ ሌላው መካከለኛ ላይ ነው። እንዲህ ላለ ሰው ወደ ከባዱ ደረጃ የመድረስን ዕድል በ5 ዓመት ውስጥ 25 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እኔን ግን ተይው አለችኝ፤ በሽታው ገና ያልጀመረውን ዓይን አይከላከልም። ቤታ ካሮቲን ያለበት የድሮው ዓይነት ደግሞ ለሚያጨስ ሰው ጭራሽ አይሆንም፤ የሳንባ ካንሰርን አደጋ ይጨምራል።

ማጨስ ካልን አይቀር፣ ይኸው ወንድሜ ያጨሳል። ዘርና ዕድሜን መለወጥ አይቻልም፤ ሲጋራ ግን የሚጣል ነገር ነው፣ አደጋውን ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ያደርሰዋል። እሱም የዚያችው እናት ልጅ ነው። ብነግረው «አብሽሪ» ብሎ ሳቀብኝ።

ለኪቱ ከአምስት ሁለት ኮከብ። አንዱ አሠራሩ ንጹሕ ስለሆነ ነው፣ ሌላው ለወንድሜ ስል። ክሊኒኩ አራት ይገባዋል። አንድ የቀነስኩት በወረፋው ነው፤ ጠዋት ተሰልፈን ምሳ ሰዓት አለፈን። የምትሄዱ ከሆነ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ጠብታው ለሰዓታት ዓይን ያደበዝዛል፣ ፀሐዩም አያስወጣም፤ እማዬን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥዬ ነው ባጃጅ ውስጥ ያስገባኋት።