የእቴቴን ሸክላዎች ላናገሩልን ጋሼ

ባለፈው እሁድ ከሰዓት እቴቴ የራሷን የዘፈን ሸክላ ከ30 ዓመት በላይ ቆይታ ሰማች። ይህ እንዲሆን ያደረጉትን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን ዝም ብል ደስ አይለኝም።

እቴቴ አክስቴ ናት። በወጣትነቷ እዚሁ ባህር ዳር ቡና ቤት ነበራት። ቡና ቤቱ ሲዘጋ ወንበሩም ብርጭቆውም ተሸጠ፤ ሸክላዎቹን ግን አልሸጠችም። 62 ናቸው። አብዛኞቹ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ትንንሾቹ ናቸው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስ የታተሙ አሉባቸው፤ ማህሙድ አህመድ አለ፣ ዓለማየሁ እሸቴ አለ። ሁሉንም በጋዜጣ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አኖረቻቸው። ሐይቁ ዳር የምትኖሩ እርጥበቱን ታውቁታላችሁ። አንዳንዱ ሽፋን ሻግቷል፣ ሸክላዎቹ ግን ደህና ናቸው።

ማጫወቻውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ያገለገለ ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ገዝቶ ላከልኝ። ቤት ካለው አምፕሊፋየር ጋር አገናኘሁት። ሸክላው ይዞራል፣ መርፌው ይቀመጣል፣ ድምፁ ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ቮልዩሙን መጨረሻ ድረስ ብከፍተውም ያው ሹክሹክታ ነው። ቤዝ የሚባል ነገር የለም። እቴቴ ትንሽ አዳመጠችና «ሸክላዎቼ ሞተዋል ማለት ነው» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ንግግሯ ከሆዴ አልወጣ አለ።

አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። መርፌው ነው አሉኝና ቀየሩት። ኬብሉንም ተበላሽቷል ብለው አሳጠሩት። ከፈልኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ሌላ ቦታ ደግሞ «ይሄ ያለፈበት ነው፣ ብሉቱዝ ስፒከር ግዛ» ተባልኩ።

ጋሼን የጠቆመኝ የሰፈራችን የባጃጅ ሹፌር ነው። ስማቸውን እዚህ የማልጽፈው እሳቸው ራሳቸው አትጻፍ ስላሉኝ ነው። ከቅዳሜ ገበያ ብዙ በማይርቅ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ፣ ቴፕና ቴሌቪዥን ይጠግናሉ። የተማሩት ባህር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ነው፣ ሩሲያውያን መምህራን በነበሩበት ዘመን። «መጀመሪያ ለካ፣ ከዚያ ንካ» ይላሉ። እውነትም ማጫወቻዬን ተሸክሜ ስገባ ካቻቢቴ አላነሱም። «አምፕሊፋየርህ ከኋላው ፎኖ የሚል መሰኪያ አለው?» ብለው ጠየቁኝ። የለውም አልኳቸው። «እንግዲያው ማጫወቻህ አልታመመም። ይዘኸው ተመለስ፤ የጎደለውን ሠርቼ ቤትህ ድረስ መጥቼ እገጥመዋለሁ» አሉኝ።

ከዚያ ሥራቸውን ትተው አስረዱኝ። ከማጫወቻው መርፌ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ነው፤ 5 ሚሊ ቮልት ገደማ። ሲዲ ማጫወቻ እስከ 2 ቮልት ያወጣል። ስለዚህ ከአምፕሊፋየሩ በፊት ሌላ ማጉያ ያስፈልጋል፤ ፕሪአምፕ የሚሉት ነው። ፎኖ መሰኪያ ያለው አምፕሊፋየር ይህ ውስጡ አለው፤ የኔው ግን የለውም። ማጉላቱ ግን ብቻውን አይበቃም። እኔን የገረመኝ ይሄኛው ነው። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል። ወፍራሙ እንዳለ ቢቀረጽ መስመሩ በሰፊው እየተወዛወዘ ከጎኑ ካለው መስመር ጋር ይጋጫል። ስናጫውተው ደግሞ የተቀነሰው መመለስ፣ የተጨመረውም መውረድ አለበት። ቀጭኑ ሲወርድ የሸክላው ሽሽታም አብሮት ይወርዳል። መጠኑን የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው አር አይ ኤ ኤ የሚባለው የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚዎች ማኅበር ደንብ ነው። ኸርዝ ማለት ድምፁ በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር ነው፤ ከ1 ሺህ ኸርዝ ጋር ሲነጻጸር 20 ኸርዝ ላይ ያለው ወፍራም ድምፅ ወደ 10 እጥፍ ይጎላል፣ 20 ሺህ ኸርዝ ላይ ያለው ቀጭን ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል።

ጋሼ ይህን ሁሉ በካርቶን ጀርባ ላይ ሣሉልኝ። ከግራ ወደ ቀኝ የሚወርድ ቁልቁለት ነው። ጣታቸውን እላዩ ላይ አስኬዱና «ያንተ አምፕሊፋየር ይህን ቁልቁለት አያውቀውም» አሉኝ። ካርቶኑን ለምኜ ወሰድኩት፤ አሁን ማጫወቻው በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

ፕሪአምፑን ሲሠሩ ሁለት ቀን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ሳጥኑ የሞተ የዲሽ ሪሲቨር ነው። ሆዱን አውጥተው ቆርቆሮውን አስቀሩ። ቆርቆሮው ከውጭ የሚመጣውን ጉምጉምታ ይከላከላል፣ ከኋላው ያሉት ቀይና ነጭ መሰኪያዎችም ለሥራው ልክ ናቸው። ማጉያው ኤን ኢ 5532 የሚባል ባለ ስምንት እግር አይሲ፣ ማለትም ትንሽ ቺፕ ነው። ውስጡ ሁለት ማጉያ አለው፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ። ኤሌክትሪኩን የሚገድቡትን ሬዚስተሮች አንድ በአንድ በሜትር እየለኩ፣ ተመሳሳዮቹን ጥንድ ጥንድ እያደረጉ ፕላስተር ላይ ለጠፏቸው። መግቢያው ላይ የሚቀመጡት ሁለቱ 47 ኪሎ ኦም መሆን አለባቸው፤ እነሱን ለማግኘት ከአሥር በላይ ለኩ። ግራና ቀኙ ካልተመጣጠነ ዘፋኙ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል አሉኝ። ትራንስፎርመሩን ግን ሳጥኑ ውስጥ አላስገቡትም። የመብራቱ 50 ኸርዝ እንዳይሰማ ለብቻው በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አድርገው በአንድ ሜትር ሽቦ አራቁት።

እሁድ በብስክሌታቸው መጡ። ገጠሙት፣ አበሩት፤ ቤቱ በጉምጉምታ ተሞላ። ልቤ ወረደ። እሳቸው ግን ማጫወቻውን ገለበጡና በባትሪ አዩት። ከቀይና ነጩ ኬብል ጋር መውጣት የነበረበት ቀጭን አረንጓዴ ሽቦ ከሥሩ ተቆርጧል። ግራውንዱ ነው፤ ጉምጉምታውን የሚያስቀረው ሽቦ። ያኔ ኬብሉ ሲያጥር ትርፍ መስሏቸው ይሆናል። ጋሼ መበየጃቸውን ሰኩ፣ አዲስ ሽቦ በየዱ፣ ጫፉን በብሎን ከሪሲቨሩ ቆርቆሮ ጋር አሰሩት። ጉምጉምታው ቀጥ አለ።

መርፌውን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ቤዝ ጊታሩ መጣ፣ ወለሉ ላይ በእግር የሚሰማ። ከዚያ ሳክስፎኑ። እቴቴ ጓዳ ቡና እየቆላች ነበር። መቁያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰችም፤ ቡናው እጇ ላይ አረረ። ሲያልቅ «ወንድሜ፣ እጅህን ቁርጥማት አይንካው» አለቻቸው። ጋሼ ዓይናቸውን ከሸክላው ሳያነሱ «እትዬ፣ ጀርባውንስ አንሰማውም?» አሉ። አዲስ ቡና ተቆላ፣ ሦስተኛው እስኪጠጣ ድረስ ዘጠኝ ሸክላ ሰማን።

ሒሳቡን የዕቃውን ለብቻ፣ የእጃቸውን ለብቻ አድርገው በወረቀት ጻፉልኝ። ለሪሲቨሩ ሳጥንም ለግራውንዱ ሽቦም አላስከፈሉኝም። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ የዕቃ ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀያየር ላሳስታችሁ አልፈልግም። አንድ ነገር ግን ልናገር፤ ጋሼ አይቸኩሉም። ሦስት ቀን ያሉት ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ የሚፈልጓቸው ካፓሲተሮች ከአዲስ አበባ መምጣት ነበረባቸው። ስልካቸውም ብዙ ጊዜ ዝግ ነው። ለሚጣደፍ ሰው አይሆኑም።

ወደ እሳቸው ከመሄዳችሁ በፊት የማጫወቻችሁን ጀርባ እዩ። ፎኖ እና ላይን የሚል ማብሪያ ካለው ፕሪአምፑ ውስጡ አለ ማለት ነው፤ ላይን ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት። መርፌው ሴራሚክ የሆነ የድሮ ማጫወቻም ይህን ዓይነት ሳጥን አይፈልግም። ቀጭኗን የግራውንድ ሽቦ ደግሞ ማንም እንዳይቆርጥባችሁ።

የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። እቴቴ ደግሞ ሸክላ ያላችሁ እሁድ ከሰዓት ይዛችሁ እዚሁ ባህር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ኑ ብላለች። ቡናው የዘጌ ነው።