ስለ ሥራዬና ስለ ስጋቴ ለጠየቁኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ለረጅም ጊዜ ሲያሠቃየኝ ለኖረው የወገብ ሕመም ሕክምና ላደረጉልኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ እወዳለሁ። ይበልጡን የማመሰግናቸው በመጀመሪያው ቀን ስላካሄዱት ምርመራ ነው፤ በዚያ መንገድ የሚመረምር ባለሙያ እስከዚያን ጊዜ አላጋጠመኝም ነበር።

በቅድሚያ ያጣሩት አስጊ የሚባሉትን ምልክቶች ነበር፦ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር አለመቻልን፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝን፣ የእግር መዛልን፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስን፣ ትኩሳትን። ከእነዚህ አንዱም እንደሌለብኝ ካረጋገጡና የእግሬን ጉልበት ከፈተሹ በኋላ ግን ጥያቄያቸው ሌላ መልክ ያዘ። ሕመሙ ከምን የመጣ ይመስልዎታል? ጎንበስ ቢሉ ምን ይደርስብኛል ብለው ይሰጋሉ? እንቅልፍዎስ እንዴት ነው? አለቃዎ ስለ ሕመምዎ ምን ይላሉ? ቤት ውስጥ ዕቃ የሚያነሳው ማን ነው?

ቀጥለውም በእንግሊዝ የኪል ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውን፣ «ስታርት ባክ» የሚባለውን 9 ጥያቄዎች ያሉት አጭር መጠይቅ አስሞሉኝ። ያለፉትን 2 ሳምንታት የሚመለከት ሲሆን፣ የመጨረሻዎቹ 5 ጥያቄዎች ስለ ፍርሃት፣ ስለ ጭንቀት፣ ስለ ተስፋ መቁረጥና ስለመሳሰሉት ናቸው፤ ከእነዚህ 4 ወይም 5 ያገኘ ሰው ሕመሙ ሥር የመስደድ ዕድሉ ከፍተኛ ነው ተብሎ ይመደባል።

«ታዲያ ሕመሙ የሐሳብ ነው ማለትዎ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳይቆጡ ሕመሙ እውነተኛ መሆኑን፣ ነገር ግን ፍርሃት፣ የእንቅልፍ እጦትና የሥራ ውጥረት የነርቭ ሥርዓቱን ይበልጥ ስሜተ ስስ እንደሚያደርጉት አስረዱኝ። የስጋቴ ምንጭ ቀደም ሲል ያየኝ ሌላ ባለሙያ «ዲስክህ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ክፍል) አልቋል፣ ከእንግዲህ ጎንበስ እንዳትል» ማለቱ ነበር። እርሳቸው ግን በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ጠቅሰው፣ ምንም ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች መካከል እንኳ 37 በመቶ ያህሉ፣ ከ80 ዓመት አረጋውያን ደግሞ 96 በመቶው በምስል ምርመራ የዲስክ ማርጀት እንደሚታይባቸው ነገሩኝ። ይህን ቀደም ብሎ የነገረኝ ቢኖር ብዙ ሌሊት እተኛ ነበር።

ከዚያም ባዶ ካርቶን ወለሉ ላይ አስቀምጠው እንዳነሳው ጠየቁኝ። ትንፋሼን ውጬ፣ ጀርባዬን እንደ ጣውላ አድርቄ ስወርድ አይተው «ትንፋሽዎን ይልቀቁት፣ ወገብዎም ይታጠፍ» አሉኝ፤ ቀጥሎ በነበሩት ቀጠሮዎች ካርቶኑ ውስጥ መጻሕፍት እየጨመሩ ሄዱ። በፈቃዴም ባለቤቴን ጋበዙ። ባለቤቴ ከፍቅር የተነሣ ዕቃ ሁሉ ከእጄ ትነጥቀኝ ስለነበር፣ የትኛውን ለእኔ ብትተውልኝ እንደሚጠቅም በአክብሮት አወያዩዋት። ለመሥሪያ ቤቴ የጻፉት ደብዳቤም የሕመም ፈቃድ የሚጠይቅ ሳይሆን፣ ተቀምጬና ቆሜ እያፈራረቅሁ እንድሠራ የሚመክር ነበር።

እሽታ ብቻ ፈልጎ ለሚሄድ ሰው እኚህ ባለሙያ ላይስማሙት ይችላሉ፤ ወሬ አበዙ ሊልም ይችላል። የሥነ ልቦና ሐኪም አለመሆናቸውንም ራሳቸው አስቀድመው ይናገራሉ፤ ከባድ የድብርት ምልክት ካዩ ወደሚመለከተው ባለሙያ እንደሚልኩ ነግረውኛል። የእኔ ሕመም አሁንም አልፎ አልፎ ይነሣል፤ ሥራዬን ግን አያስተወኝም፤ ሲነሣም ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ።

ስማቸውን ያለ ፈቃዳቸው እዚህ መጻፍ ስላልወደድሁ፣ የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ እርሳቸውን ጠይቄ አገናኛለሁ። ወደ ሌላ ባለሙያ የምትሄዱም ብትሆኑ፣ ስለ ሥራችሁ፣ ስለ እንቅልፋችሁና ስለምትፈሩት ነገር ካልተጠየቃችሁ ራሳችሁ አንስታችሁ ንገሯቸው።