የድሮ ናፍጣ መኪና ለምትነዱ ድሬዎችና ሐረሮች፦ ምስጋናም ጥቆማም

ድሬዎችም ሐረሮችም እንደምን ከረማችሁ። የድሮ ናፍጣ መኪና ካላችሁ ልታውቁት የሚገባ መካኒክ አለ። እግረ መንገዴን በአደባባይ ላመሰግነው ነው።

ስሙን አልጽፍም። ፈቃድ ስጠይቀው «አቦ ተይኝ! ፌስቡክ ላይ ካወጣሽኝ ስልኩ ሲጮህ ውሎ ስራ ሊያስፈታኝ ነው» አለኝ። እኛ ጋሼ ነው የምንለው። ጋራዡ ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም አይርቅም። ቦታውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እነግራለሁ፤ ይህን ፈቅዷል። ሙያውን የለመደው በልጅነቱ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ድሬ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናትና እንዲህ ያለ ሰው እዚህ መገኘቱ አይገርምም። የሚገርመው በዚህ ዕድሜው ዛሬም መኪና ስር መግባቱ ነው።

መኪናዬ ማርቸዲስ 240 ዲ ናት። ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር፣ ቱርቦ የሚባል ነገር የማታውቅ። ጉልበቷ ቢበዛ 72 የፈረስ ጉልበት ነው። ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን አያቋርጥም፤ እሷ ግን ቀስ ብላም ቢሆን ትደርሳለች። ሐረር ቤተሰብ ስላለኝ ያቺን ዳገት በደንብ ታውቃታለች።

ከጊዜ በኋላ ጠዋት ስትነሳ ከሞተሩ ፊት ለፊት ክሽክሽ የሚል ድምፅ ጀመረች። መጀመሪያ ወዲያው ይጠፋ ነበር። እየቆየ ግን ለመጥፋት ይዘገይ ጀመር። የጠዋት ጭሷ ነጭ ሆነ፣ ያለቻት ትንሽ ጉልበትም ቀነሰች። አንድ ጋራዥ «ቫልቭ ነው» ብለው አስተካከሉልኝ፤ ድምፁ ያው ነው። ሌላው ኮፈኑን ከፍቶ ጆሮውን እንኳ ሳያስጠጋ «ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ» አለኝ። የሞተር ሙሉ እድሳት ስንት እንደሚያስወጣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ጋሼ መጀመሪያ ያለኝ «ማታ አምጥተሽ ጥለሻት ሂጂ» ነው። ሞተሩ አድሮ ካልቀዘቀዘ ያ ድምፅ አይሰማም። ጠዋት ላይ አስነሳት፤ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ ምንም ሳይል የቫልቭ ክዳኑን ፈታና መለካት ጀመረ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ከሌሎቹ የለየው ይኼ ነውና።

ካምሻፍቱ፣ ማለትም ላይ ሆኖ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ምልክት አለው። ታች ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዘንግ፣ በክራንኩ ፑሊ ላይ ደግሞ በዲግሪ የተከፋፈለ መስመር አለ። ሞተሩን በእጅ እያዞረ የላዩን ምልክት አገጣጠመ። ሁለቱን ዘንጎች የሚያያይዘው ካቴና (ሰንሰለት) ደህና ቢሆን ኖሮ የታችኛው ዜሮ አካባቢ መቆም ነበረበት። የእኔ 5 ዲግሪ አልፎ ተገኘ። የታይሚንግ ካቴናው ረዝሟል ማለት ነው። በዚህ ሞተር ላይ የናፍጣውን ፖምፓ የሚያዞረውም ያው ካቴና ነው። እሱ ሲረዝም ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው ዘግይቶ ነው። ነጩ ጭስም የጉልበቷ መድከምም ከዚያ የመጣ ነበር።

ድምፁ ግን የጋይዶቹ ነው። ጋይድ የሚባሉት ካቴናው ሲሮጥ እንዳይወዛወዝ ደግፈው የሚይዙት፣ ፊታቸው ፕላስቲክ የሆነ ቁርጥራጮች ናቸው። ካቴናውን የሚወጥረው ቴንሽነር የሚሰራው በዘይት ግፊት ነው። ጠዋት ግፊቱ እስኪደርስ ካቴናው ይላላና ጋይዱን ይደበድበዋል። በባትሪ አብርቶ አሳየኝ፦ ፕላስቲኩ ተፋፍቋል፣ አንዱ ጫፉ ተገምሶ የለም። ካቴናው በዚህ ሁኔታ ጥርስ ቢዘል ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ሞተሩ የእውነት የሚወርደው ያኔ ነው።

«የድሬ ሙቀት ነው እንዲህ ያደረቀው?» አልኩት። ሳቀብኝ። «ሙቀቱን ተይው። ሞተሩ ውስጥ ያለው ሙቀት አዲስ አበባም ብትሄጂ ያው ነው። ዘይት ነው አቦ! ናፍጣ ጥቀርሻ ያበዛል። ጥቀርሻ የጠገበ ዘይት ደግሞ ይፍቃል።»

የእጅ ዋጋውን አስቀድሞ ነገረኝ፤ መጨረሻ ላይም አልጨመረበትም። ዕቃውን «ራስሽ ግዢ፣ ደረሰኙ በእጅሽ ይሁን» አለኝ። ጋይዶች፣ ካቴና፣ ቴንሽነር። ካቴናው ለምን እንደሚጨመር ጠይቄዋለሁ፤ የረዘመ ካቴና አዲሱንም ጋይድ ቶሎ ይበላዋል አለኝ። ጥርሳቸውን አይቶ «እነዚህ ገና ናቸው» ብሎ የመለሳቸው፣ ካቴናው የሚዞርባቸው ማርሾችም አሉ። እነሱን ቢያስገዛኝ በምን አውቅ ነበር? ዕቃው የመጣው ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ነው። መጀመሪያ የደረሱትን ጋይዶች ከአሮጌዎቹ ጋር አስተያይቶ የፒናቸው ቀዳዳ እንደማይገጥም አሳየኝና አስመለሰኝ። ስራው በዚያ ምክንያት ዘገየ፤ ደግ አደረገ።

ጋይዶቹን የያዙት ፒኖች ከፊት በኩል ጥብቅ ብለው የገቡ ናቸው። በካቻቢቴና በመዶሻ የሚታገላቸው ሰው ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛውን ክፍል፣ ሊሰብረው ይችላል። ጋሼ ግን ቶርኖ ቤት ያሰራው መሳሪያ አለው። አንድ ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ ቡሎን፣ ላዩ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተት ከባድ ብረት አለው። ፒኑ ውስጡ ጥርስ አለውና ቡሎኑ እዚያ ይታሰራል። ብረቱ በኃይል ወደ ውጭ ተስቦ የዘንጉን ጫፍ ሲመታ እያስጨነቀ የነበረው ፒን እየተንሸራተተ ይወጣል። ይህን የሰራችው ረዳቱ ናት። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣች ልጅ ናት፤ ጋሼ አጠገቧ ቆሞ ሻዩን ይጠጣል። ለእሷም ልዩ ምስጋና አለኝ። እጇ ይባረክ።

የካቴናው ተራ ሲደርስ ሻዩ ቀረ፣ ወሬም ቀረ። መጀመሪያ ካንዴሌታዎቹን፣ ማለትም ናፍጣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቁትን፣ ፈቱ፤ ሞተሩ በእጅ ሲዞር እንዲቀል ነው። ክፍት የሆነውን ቦታ ሁሉ በጨርቅ ደፈኑ፤ አንዲት ቁራጭ ብረት ከወደቀች ከታች ያለው የዘይት መያዣ፣ ካርተር ድረስ ትገባለች። አሮጌውን ቆርጠው አዲሱን ጫፉ ላይ አያያዙት። እሷ ሞተሩን ቀስ እያለች ታዞራለች፣ ጋሼ አዲሱን እያስገባ አሮጌውን ይስባል። ወደ ኋላ ማዞር ክልክል ነው። ገብቶ ሲያልቅ ክራንኩን 2 ሙሉ ዙር አዞሩት፤ ካምሻፍቱ በዚያን ጊዜ 1 ዙር ይዞራል። ምልክቶቹ ገጠሙ። ጋሼ አላመነም፣ ደግሞ አስዞረ።

አሁን ጠዋት ስትነሳ ያ ክሽክሽታ የለም። ነጩ ጭስ ጠፍቷል። ደንገጎ ላይ አሁንም ሚኒባሱ ጥሩምባ ይነፋብኛል፤ 72 ፈረስ 72 ፈረስ ነው። የተፈቱት አሮጌ ዕቃዎች በፌስታል ተሰጥተውኛል።

እንከኑንም ልናገር። ጋሼ ስልክ አያነሳም። ከእኩለ ቀን በኋላ ፀሐዩ በርታ ሲል ይዘጋል፤ አስር ሰዓት አካባቢ ካልሆነ አታገኙትም። «ዛሬውኑ ጨርስልኝ» ለሚል ሰው ቁልፉን ይመልሳል፤ ሲመልስ አይቻለሁ። በኮምፒውተር የሚመረመሩ አዳዲስ መኪኖችንም አይነካም። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ ዕቃ በየጊዜው ስለሚጨምር ነገ ውሸታም ያደርገኛል።

ከሐረር ወይ ከሐረማያ የምትመጡ ከሆነ በዋዜማው ውረዱ። ጠዋት ተነስታችሁ ብትመጡ ሞተሩ መንገድ ላይ ይሞቅና ድምፁ ይጠፋል፤ ጋሼም «ነገ ተመለሱ» ይላችኋል። ዘይት መቼ እንደቀየራችሁም አስቡበት፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።