ሴሌክትራ፣ ባዮጀክተር ወይስ ትሮፒስ? የኤችአይቪ ዲኤንኤ ክትባት መስጫ መሣሪያዎች ሲመዘኑ

በተራ መርፌ ጡንቻ ላይ የተሰጠ የዲኤንኤ ክትባት አብዛኛው ሥራውን ሳይጀምር ይጠፋል። የሴሉ ሽፋንም ፕላዝሚዱም (የክትባቱን ጂን የያዘው ክብ ዲኤንኤ) አሉታዊ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ ደጅ የቀረውን ዲኤንኤ ኢንዛይም ይበላዋል። ሽፋኑን ያለፈውም ቢሆን ኒውክሊየስ ውስጥ ካልገባ ፕሮቲን አያስመርትም፤ የጡንቻ ሴል ደግሞ ስለማይከፋፈል መግቢያው ጠባብ ነው። አይጥ ላይ ችግሩ ያን ያህል ጎልቶ አይወጣም። 50 ማይክሮሊትር ፈሳሽ ትንሿን ጡንቻ ወጥሮ ዲኤንኤውን በግፊት ብቻ ወደ ሴሉ ይነዳዋል። የሰው ትከሻ ላይ ግን 1 ሚሊሊትር እንኳ ተበትኖ ይቀራል። አይጥ ላይ ያስደሰቱ የኤችአይቪ ፕላዝሚዶች ሰው ላይ ያሳፈሩበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ ከክትባቱ ቀመር እኩል መስጫ መሣሪያውም ሊመዘን ይገባል።

ከሴሌክትራ እንጀምር፤ የኢኖቪዮ ኩባንያ ሥሪት ነው። የኤሌክትሪክ ምት የሚያመነጭ ሳጥንና በእጅ የሚያዝ እጀታ አለው። ለጡንቻ በሚሆነው ሞዴል አምስት መርፌዎች በክብ የተደረደሩበት፣ አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣል ጫፍ እጀታው ላይ ይገጠማል። መርፌዎቹ ትከሻ ጡንቻ ውስጥ ይገቡና ክትባቱ በመሀላቸው ይሰጣል። ከ4 ሰከንድ ገደማ በኋላ ባለ 0.5 አምፔር ሦስት ምት ይለቀቃል፤ አንዱ ምት 52 ሚሊሰከንድ ይቆያል፣ በምትና በምት መካከል 1 ሰከንድ እረፍት አለ። ጡንቻው በየምቱ ሲኮማተር በዓይን ይታያል። ምቱ የሴሉን ሽፋን ለአፍታ ከፍቶ ዲኤንኤውን ያስገባዋል፤ ቦታው ትንሽ መቆጣቱም የበሽታ መከላከያ ሴሎችን ይጠራል። ቮልቱን ትቶ አምፔሩን ቋሚ ማድረጉ ጥሩ ንድፍ ነው፤ ጡንቻና ስብ ለኤሌክትሪክ ያላቸው ተቃውሞ ከሰው ሰው ስለሚለያይ መሣሪያው ተቃውሞውን እየለካ ቮልቱን ራሱ ያስተካክላል።

ውጤቱ የሚናቅ አይደለም። ፔንቫክስ ቢ የተባለው፣ ኤንቭ፣ ጋግና ፖል የተባሉትን የኤችአይቪ ጂኖች የያዙ ፕላዝሚዶች ቅልቅል ኤችቪቲኤን 070 በተባለው ሙከራ በተራ መርፌ አራት ጊዜ፣ በኤችቪቲኤን 080 ደግሞ በኤሌክትሮፖሬሽን (ከላይ በተገለጸው የኤሌክትሪክ ምት) ሦስት ጊዜ ተሰጥቷል። በ080 ኢንተርሉኪን 12 የተባለውን፣ የበሽታ መከላከያ ሴሎችን የሚያነቃቃ ፕሮቲን የሚያስመርት ፕላዝሚድ ከተጨመረላቸው ውስጥ ከሁለተኛው ክትባት በኋላ 71.4 በመቶ፣ ከሦስተኛው በኋላ 88.9 በመቶ የሲዲ4 ወይም የሲዲ8 ቲ ሴል (የበሽታ መከላከያ ሴል ዓይነቶች ናቸው) ምላሽ አሳይተዋል። 070 አንድ ዙር ተጨምሮለትም እዚህ አልደረሰም። የኢኮር ኩባንያ ሥሪት የሆነው ትራይግሪድም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል፦ አድቫክስ የተባለው ክትባት በ4 ሚሊግራም መጠን በዚህ መሣሪያ ሲሰጥ የቲ ሴል ምላሹ ከተራ መርፌ እስከ 70 እጥፍ በልጧል።

ጉድለቱስ? መጀመሪያ ሕመሙ። ምቱ ሲለቀቅ በደንብ ያማል፤ ቶሎ የሚያልፍ ቢሆንም ለሁለተኛው ዙር የማይመለስ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ለተሳታፊው አስቀድሞ በግልጽ መንገር ይበጃል። ልቡ ላይ ፔስሜከር ወይም ሌላ የተተከለ ኤሌክትሪክ መሣሪያ ያለው ሰው አይሰጠውም። ከሁሉም የሚከፋው ግን ማንም ሳያውቀው የሚያልፈው ስህተት ነው። ትከሻው ላይ ስብ የበዛበት ሰው በአጭር ጫፍ ከተሰጠው ክትባቱም ምቱም ስቡ ውስጥ ይቀራሉ። ክትባቱ አንድ ቦታ ገብቶ ምቱ ሌላ ቦታ ካረፈ ወይም ባለሙያው ተዘናግቶ በመሀል ጊዜ ካለፈ ዲኤንኤው ተበትኗል። ማሽኑ «ተጠናቋል» ይላል፣ ክንዱ ላይም ምንም አይታይም፤ ጉዳዩ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ የደም ምርመራው ባዶ ሲሆን ነው። ስለዚህ የስቡን ውፍረት ለክቶ ጫፍ መምረጥና የየምቱን መረጃ ከማሽኑ አውርዶ ማስቀመጥ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ባዮጀክተር 2000 ሌላ መንገድ ነው። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ፈሳሹን እንደ ቀጭን ጅረት ያስፈነጥራል፤ መርፌ የለውም፣ ኤሌክትሪክ የለውም። በዳሬሰላም የተካሄደው ሂቪስ 03 የተባለው ሙከራ በዚህ መሣሪያ ነው የተሠራው። ቆዳ ውስጥ የተሰጠው 1 ሚሊግራም ዲኤንኤ፣ ጡንቻ ላይ ከተሰጠው 3.8 ሚሊግራም አላነሰም። በኤምቪኤ (የኤችአይቪ ጂን እንዲሸከም በተደረገ የተዳከመ ቫይረስ) ማጠናከሪያ ከተሰጠ በኋላ የተመረመሩት ሁሉ በኤሊስፖት (ምላሽ የሚሰጡ ሴሎችን በሚቆጥር የደም ምርመራ) ምላሽ አሳይተዋል። ሆኖም ቆዳ ውስጥ የሚሰጠው አንዱ ዙር አምስት ቦታ መተኮስ ይጠይቅ ነበር። «ታሞቫክ አንድ» የተባለው ተከታይ ሙከራ 600 ማይክሮግራምን ሁለት ቦታ ብቻ ተኩሶ ተመጣጣኝ ውጤት አገኘ፤ ለእኛ ከጠቅላላ ቁጥሮቹ ሁሉ ይህ ይበልጣል፣ ጤና ጣቢያ ላይ የሚቻለው እንዲህ ዓይነቱ ነውና። የአምራቹን የባዮጀክትን ቴክኖሎጂ በ2016 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኢኖቪዮ ገዝቶታል፤ አዲስ ሙከራ የሚነድፍ ሰው በአሮጌው ሞዴል ላይ ባይመሠረት ይሻለዋል።

የፋርማጄት ኩባንያ ሥሪት የሆነው ትሮፒስም መርፌ የለውም፤ የሚሠራው በስፕሪንግ ነው። ቆዳ ውስጥ 0.1 ሚሊሊትር ይሰጣል፤ ሕንድ በ2021 የፈቀደችው ዚኮቭ ዲ የተባለው የኮቪድ ዲኤንኤ ክትባት በዚሁ ነው የተሰጠው፣ በየዙሩ 2 ሚሊግራም ለሁለት ክንድ ተከፍሎ፣ በ28 ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ። የመከላከል አቅሙ 66.6 በመቶ ሆኖ ተመዝግቧል። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ከሴሌክትራ ይልቅ ይህን እንመርጣለን። አሳሳቢው 0.1 ሚሊሊትር ትንሽ መሆኑ ነው፦ ክትባቱ በሚሊሊትር 4 ሚሊግራም ከሆነ 4 ሚሊግራም ለመስጠት አሥር ጊዜ መተኮስ ሊያስፈልግ ነው። ዲኤንኤውን ማወፈር ይቻላል፤ ግን ሲወፍር ይዝለገለጋል፣ ማጣራቱም ይከብዳል። አጠቃቀሙ ላይ መሣሪያው ቆዳው ላይ ቀጥ ብሎ ካልተጫነ ፈሳሹ ውጭ ይፈስሳል። በትክክል የገባ ክትባት ቆዳው ላይ ነጣ ያለ እባጭ ይተዋል፤ ቆዳው ርሶ እባጭ ከሌለ እንደ ጎደለ መጠን ይመዝገብ።

እንግዲህ የትኛው ይገዛ? መልሱ ከዲኤንኤው ቀጥሎ በሚሰጠው ክትባት ይወሰናል። «ታሞቫክ ሁለት» የተባለው ሙከራ በታንዛኒያና በሞዛምቢክ ዲኤንኤውን ቆዳ ውስጥ በኤሌክትሮፖሬሽንም ያለ እሱም ሰጥቶ በኤምቪኤ አጠናከረው፤ በሁለቱም መንገድ ጠንካራ ምላሽ ተገኘ። ጠንካራ ማጠናከሪያ ካለ የኤሌክትሪኩ ብልጫ ይሟሟል፤ ሕመሙንና ወጪውን መሸከም አያስፈልግም። ዲኤንኤ ብቻውን የሚሰጥ ከሆነ ግን ያለ ኤሌክትሮፖሬሽን መጀመር ድካም ነው።

መሣሪያው ደግሞ መጥፎ ፕላዝሚድን አያድንም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2007 መመሪያው ከ80 በመቶ በላይ የሆነው ፕላዝሚድ በራሱ ላይ የተጠማዘዘ ቅርፁን እንደያዘ እንዲሆን፣ ኢንዶቶክሲኑም (ፕላዝሚዱ ከተመረተበት ባክቴሪያ የሚቀረው መርዝ) በሚሊግራም ከ40 አሃድ በታች እንዲሆን ይመክራል። ደጋግሞ ማቀዝቀዝና ማቅለጥ ይህን ቅርፅ ይሰብራል፤ ስለዚህ ጠርሙሱ ለአንድ ዙር በሚበቃ መጠን ይከፋፈል። የጋግ ጂን የቫይረሱን የተፈጥሮ ቅደም ተከተል እንደያዘ ከገባ አር ኤን ኤው ከኒውክሊየስ መውጣት ይሳነዋል፤ ኮዶኖቹ (የጂኑ ባለ ሦስት ፊደል ቃላት) ለሰው ሴል ተስማምተው መጻፍ አለባቸው።

ፀረ እንግዳ አካል ለሚፈልግ ሰው ከነዚህ መሣሪያዎች አንዱም ብቻውን አይበቃም። ኤችቪቲኤን 105 የተባለው ሙከራ ዲኤንኤውንና ጂፒ120 የተባለውን የቫይረሱን የላይ ሽፋን ፕሮቲን ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ሲሰጥ ምላሹ ፈጥኖ መጥቷል። ግን ምላሽ ማየት ሌላ፣ መከላከል ሌላ ነው። ኤችቪቲኤን 505 በባዮጀክተር 4 ሚሊግራም ሦስት ጊዜ ሰጥቶ የኤችአይቪ ጂን በሚሸከም አዴኖቫይረስ 5 አጠናከረ፤ ጥቅም ስላልታየበት በሚያዝያ 2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ክትባቱ ቆመ። በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ 1,512 ሰው ያሳተፈው ፕሬፕቫክ የተባለው ሙከራም፣ በኢትዮጵያ ጭምር በሚዘወተረው ንዑስ ዓይነት ሲ የተሠራ ዲኤንኤ ከፕሮቲን ጋር ይዞ፣ በኅዳር 2023 ክትባት መስጠቱን አቁሟል። አምራቾች «እጥፍ» እያሉ የሚያቀርቡት ቁጥር የቲ ሴል ቆጠራ መሆኑን ይዞ መነጋገር ይገባል።

ሙከራ ለሚነድፍ ሰው አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ኤሌክትሮፖሬሽን ባለበት ሙከራ ፕላሲቦ (ክትባት የሌለበት ማነጻጸሪያ) የሚወስዱትም ያንኑ ምት ይቀበሉ። ጡንቻው ያልዘለለለት ሰው ክትባቱን እንዳላገኘ ወዲያው ያውቃል።