የሚዲያዊኪ መምሪያ መንገድ በ«ባሕር ዳር» ሲፈተን

ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ባሕርዳር፣ ባህርዳር። ለነዋሪው አንድ ከተማ ናት፤ ዊኪፔድያ ለሚሠራበት ሚዲያዊኪ ግን 4 የተለያዩ ገጾች። ሶፍትዌሩ ሐመሩን ሐ ከሃሌታው ሀ አያስታርቅም፤ በክፍተቱ ፈንታ ሁለት ነጥብ (፡) ከገባ ደግሞ 5ኛ ርእስ ይወለዳል። አስታራቂው በአንዱ ስም የገባን አንባቢ ወደ ሌላው ገጽ የሚያሻግረው መምሪያ መንገድ ነው፤ በዚህ ሥራው ሙሉ ነጥብ ይገባዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። «ባህር ዳር» የሚለውን ገጽ ከፍቶ በመጀመሪያው መስመር # ማድረግ፣ ሪዳይሬክት የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደል ማስከተል፣ ከዚያ [[ባሕር ዳር]] ብሎ ማስቀመጥ። ከበላዩ አንድ ዓረፍተ ነገር ከቀደመ ግን # የዝርዝር ቁጥር ይሆንና ገጹ «1.» ብሎ ትእዛዙን ራሱን ያሳያል።

የሚያናድደው ርእስ ሲዛወር ነው። «ጢስ አባይ» ወደ «ጢስ ዓባይ»፣ እሱም በኋላ ወደ «የጢስ ዓባይ ፏፏቴ» ተዛወረ እንበል። ሶፍትዌሩ የሚራመደው አንድ እርምጃ ብቻ ስለሆነ በመጀመሪያው ስም የገባ አንባቢ መሐል መንገድ ላይ ቀስት ብቻ አይቶ ይቀራል። በትልልቅ ዊኪዎች ይህን ድርብ መምሪያ መንገድ ቦቶች (በራሳቸው የሚያርሙ ፕሮግራሞች) ያቃኑታል። የራሱን ትንሽ ዊኪ የሚያስተዳድር ሰው ግን ባዛወረ ቁጥር «ወዲህ የሚያያዝ» የሚለውን ከፍቶ አሮጌዎቹን ስሞች አንድ በአንድ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ ማዞር አለበት። ጽሑፉን ገልብጦ አዲስ ርእስ ላይ መለጠፍማ አይሞከርም፤ የአርትዖት ታሪኩ አሮጌው ገጽ ላይ ይቀራል።

ወደ ንዑስ ርእስ መምራትም ይቻላል። «ዑራ ኪዳነ ምሕረት» ወደ [[ዘጌ#ገዳማት]] ቢመራ ያምራል። ችግሩ አንዱ አርታዒ «ገዳማት»ን «ገዳማትና አድባራት» ብሎ ሲቀይረው ነው፤ አንባቢው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የዘጌ ገጽ አናት ላይ ያርፋል። «ሰባራ መምሪያ መንገዶች» የሚለው ልዩ ገጽም አይጠቁመውም፤ እሱ የሚይዘው መድረሻ ገጻቸው የጠፋባቸውን ብቻ ነው።

«ታና»ን ወደ ጣና ሐይቅ ለመምራት መቸኮል አያስፈልግም። ኬንያ ውስጥ ታና የሚባል ወንዝ ስላለ ሁለቱንም የሚዘረዝር ገጽ ይሻላል።

የተሳሳተ መምሪያ መንገድ ለማረም ሲሞከር ብዙ ጀማሪ በር ያጣል፤ ስሙን በጠራው ቁጥር ወደ መድረሻው ይወረወራልና። በሩ እዚያው መድረሻ ገጽ ላይ፣ ከርእሱ ሥር በትንሽ ፊደል ከየት እንደመጡ የሚነግረው ማያያዣ ነው። እሱን ሲጫኑ መምሪያው ራሱ ይከፈታል።