በሌፍሳ ምጣድ እንጀራ መጋገር

እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሴንት ፖል አካባቢ የማውቃቸውን እናቶች «በምን ነው የምትጋግሪው?» ብትሏቸው፣ ከቁም ሳጥን ሥር የሚያወጡላችሁ አንድ ዓይነት ዕቃ ነው። ክብ፣ ዝርግ፣ እግሩ አጭር የሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ። ሲሠራ ለእንጀራ ታስቦ አይደለም። ከኖርዌይ የመጡ ሰዎች ለገና ሌፍሳ የሚጋግሩበት ነው። እኔም ቤት ያለው ይኸው ነው፤ ልጆቼ እንጀራ ሲጋገር አይተው ያደጉት በእሱ ላይ ነው። ሰሞኑን ከአገር ቤት አዲስ የመጣች እህት «ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ የማውቀውን ሁሉ ልጽፈው ወሰንኩ።

ባጭሩ፣ ግዢው። ቤትሽ ውስጥ ልጆች ካሉና የምትጾሙ ከሆነ ደግሞ ሳትውዪ ሳታድሪ ግዢው።

ሌፍሳን ለማታውቁት፣ ከተቀቀለ ድንች፣ ከስንዴ ዱቄት፣ ከቅቤና ከክሬም የሚሠራ ስስ ቂጣ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሚኒሶታ በብዛት የገቡት ኖርዌጂያኖች ይዘውት መጡ። ዛሬም ገና ሲቃረብ በሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ምድር ቤት እናቶች ተሰብስበው ይጋግሩታል። ምጣዱ 16 ኢንች፣ ማለትም 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ሙቀቱ እስከ 500 ዲግሪ ፋራናይት ይደርሳል። ዝርግ መሆኑና በደንብ መጋሉ ነው ለእኛም የተመቸን።

ጎረቤታችን በዕድሜ የገፉ የኖርዌይ ዘር ያላቸው እናት ናቸው። በየዓመቱ በዲሴምበር በፎጣ የተጠቀለለ ሌፍሳ ያመጡልናል። እኛ በዚያን ጊዜ ጾመ ነቢያት ላይ ነን፤ ሌፍሳው ደግሞ ቅቤ አለበት። ስለዚህ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬ ለጃንዋሪ 7 ገናችን አወጣዋለሁ። ነገሩን ካስረዳኋቸው ወዲህ ሲያመጡ «የእናንተ ገና ስንት ቀን ቀረው?» ብለው ይጠይቁኛል። ልጆቼም ቅዳሜ ቅዳሜ ትኩስ እንጀራ በሳህን ይዘውላቸው ይሄዳሉ። እሳቸው ናቸው የሌፍሳውን እንጨት የሰጡን። እመለስበታለሁ።

«ከአዲስ አበባ ትልቁን ምጣድ ላስመጣ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አታስመጡ። አገር ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት የሚሠራ ነው፤ የሚበላውም ኃይል ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ነው። እዚህ የቤት ሶኬት 120 ቮልት ነው። የተለመደው ባለ 15 አምፒር መስመር ቢበዛ የሚችለው 1,800 ዋት ብቻ ነው። የሌፍሳው ምጣድ 1,400 ዋት ገደማ ስለሚወስድ ያለችግር ይሠራል። ግን በዚያው መስመር ላይ ማይክሮዌቭ ወይም የቡና ማፍያ አብራችሁ ከሰካችሁ ብሬከሩ ይወርዳል። ቀጭን ማራዘሚያ ገመድም አትጠቀሙ፤ ይግላል፣ አደጋ አለው። ምጣዱን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት።

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ባዶ አሉሚኒየም፣ ሌላው የማያጣብቅ ቅብ ያለው። ለሌፍሳ ባዶውን የሚመርጡ ብዙ ናቸው። ለእንጀራ ግን ቅብ ያለውን ውሰዱ። ባዶው ላይ ማሰሻ የግድ ነው፤ ጎመን ዘር ፈጭታችሁ በጨርቅ ካላሻችሁት ይይዛል። ማሰሻው ደግሞ ያጨሳል፤ አፓርታማ ውስጥ የጭስ አላርሙ ይጮህና የተኛ ሕፃን ይቀሰቅሳል። ቅብ ያለውን በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ መወልወል ብቻ ይበቃል። ቢላዋና የብረት ነገር አታስነኩት።

ዋናው ጉድለቱ አክንባሎ የለውም። ሌፍሳ ይገላበጣል እንጂ አይከደንም፤ ስለዚህ ክዳን አብሮ አይሸጥም። እንጀራ ግን ዓይን ካወጣ በኋላ በእንፋሎት ካልታፈነ ሥሩ ይደርቃል፣ ላዩ ሳይበስል ይቀራል። የአበሻ ሱቆች ለዚህ የሚሆን ክዳን ለብቻው ያመጣሉ። ስትመርጡ ቀለል ያለና መሀሉ ከፍ ያለውን ያዙ። ዝርግ ክዳን ላይ የተጠራቀመው ውሃ እንጀራው ላይ ይንጠባጠብና ቦታ ቦታውን ያረጥበዋል። ጎበጥ ያለው ግን ውሃውን ወደ ዳር ያወርደዋል።

አጋገሩ እንዲህ ነው። መቆጣጠሪያውን 450 ላይ አድርጌ መብራቱ እስኪጠፋ እጠብቃለሁ። መብራቱ ጠፋ ማለት ምጣዱ ግሏል ማለት ነው። ከዚያ በጆግ ከግማሽ ሊትር ያነሰ ሊጥ ይዤ ከዳር ጀምሬ እየዞርኩ ወደ መሀል አፈሳለሁ። የሚቀጥለውን ለማፍሰስም እንደገና መብራቱን አያለሁ። መብራቱ በርቶ እያለ ያፈሰሳችሁት እንጀራ ዓይኑ ይጠፋል። ማሟሻዋ የልጆቹ ናት፤ በአዋዜ ቆመው ይበሏታል።

ዓይኑ ወጥቶ ስከድነው ልጄ ትጀምራለች፦ «አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር...» ታናሽ ወንድሟ ይከተላታል። ከዚያ «እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ሆይ»ን ይቀጥላሉ። ቀስ ብለው ሲጨርሱት እንጀራው ደርሷል፤ ክዳኑን አነሳለሁ። መጀመሪያ ሰዓት ከማይ ብዬ የጀመርኩት ነገር ነበር። አሁን የእነሱ ሥራ ሆኗል። እዚህ የተወለደ ልጅ አማርኛ ጸሎት በቃሉ እንዲይዝ ማድረግ ምን ያህል ልፋት እንዳለው እናቶች ታውቁታላችሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት በሳምንት አንድ ጊዜ ነው፤ በቀሪው ቀን የሚሰሙት እንግሊዝኛ ነው። የእኔዎቹ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ሊጡ እስኪያልቅ ደጋግመው ይሉታል። ትንሹ «ፈተና» የሚለውን ቃል መያዝ ያቃተው ነበር። አሁን ቃሏን አጥርቶ ይላታል። ምጣዱ ትልቅ ቢሆን ኖሮ ጥቂት ጋግረን እንጨርስ ነበር። ትንሽ ስለሆነ ጸሎቱም በዛ። እኔ በዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ እንጨቱ። ሌፍሳ የሚገለበጠው በረጅም፣ ስስና ጠፍጣፋ እንጨት ነው፤ ጫፉ ስል ነው። እንጀራው ዳር ዳሩ ሲነሳ እንጨቱን ከሥሩ አስገብቼ አንድ ዙር አዞረዋለሁ፣ ከዚያ በሰፌድ እወስደዋለሁ። ጣቴን አያቃጥለኝም፣ እንጀራውም አይቀደድም። አብሮ የሚሸጥ በጨርቅ የተሸፈነ ክብ ሰሌዳም አለ፤ እነሱ ሌፍሳውን የሚዳምጡበት ነው። እኔ ትኩሱን እንጀራ እዚያ ላይ አበርደዋለሁ። ጨርቁ ላቡን ስለሚመጠው ስደራርበው አይጣበቅም። ሰሌዳው ባይኖራችሁም ንጹሕ ነጠላ ይበቃል፤ እንጨቱን ግን አትለፉት። ርካሽ ነው።

ስለ ሊጡ ትንሽ። ጤፍ አሁን ችግር አይደለም፤ አይዳሆ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይመረታል፣ ሱቅም ይገኛል። ችግሩ ብርዱ ነው። እዚህ በጃንዋሪ ውጭው ከዜሮ በታች 20 ሴንቲ ግሬድ ይወርዳል፤ ማድ ቤቱም ስለሚቀዘቅዝ ሊጡ አልቦካ ይላል። ረቡዕ ማታ ለብ ባለ ውሃ አቡክቼ፣ አማትቤ፣ ኦቨን ውስጥ አስገባዋለሁ። ኦቨኑን አላበራውም፤ የውስጥ አምፖሉን ብቻ ነው የማበራው። ቅዳሜ ጠዋት ውሃውን አጥልዬ አብሲት እጥላለሁ፤ ከሰዓት እንጋግራለን።

ለምን ከሱቅ አትገዢም ትሉኝ ይሆናል። እገዛለሁ፣ ሳይመቸኝ ሲቀር። ግን ባለቤቴ ሌሊት ነው የሚሠራው፤ እኔም ውዬ ነው የምገባው። ረቡዕና ዓርብ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ርቧቸው ሲመጡ፣ ቤት ውስጥ የእጃችን እንጀራና ምስር ወጥ ካለ ጾሙ አይከብዳቸውም። እንጀራ ከሌለ ግን «ፒዛ ይታዘዝ» ይመጣል፤ ከዚያ አይብ ነው፣ ከዚያ ክርክር ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ላይ ይህ እንዴት እንደሚያደክም የምታውቁ ታውቃላችሁ። ቅዳሜ የጋገሩትን ሲበሉ ደግሞ «ይቺ እኔ ያፈሰስኳት ናት» እያሉ ነው። ከዚያ በላይ የሚያስደስተኝ ነገር የለም።

ምጣዱ የማይሆነው ለድግስ ነው። ለክርስትና፣ ለማኅበር፣ ለፋሲካ ቤት ሙሉ ሰው ስትጠሩ በዚህ እጋግራለሁ ብላችሁ አታስቡ፤ እግራችሁ እስኪያብጥ ትቆማላችሁ። ያን ጊዜ ከጋጋሪ እዘዙ ወይም ሁለት ሦስት ሆናችሁ ምጣዶቻችሁን በተለያየ ክፍል ሰክታችሁ ተጋገዙ። ሌላው፣ መሀሉ ከዳሩ ይበልጥ ይግላል። ሊጡን ዳር ላይ ስስ፣ መሀል ላይ ወፈር ካደረጋችሁት ይስተካከላል። እግሩ አጭር ስለሆነም ጠረጴዛ ያቃጥላል፤ ከሥሩ ጣውላ አድርጉ። ትንንሽ ልጆች ያላችሁ ደግሞ ገመዱን ወደ ግድግዳ አዙሩት። የኔ ትንሹ መዳህ ሲጀምር ገመድ ጎትቶ ልቤን አውጥቶታል፤ እግዚአብሔር ነው የጠበቀው።

ዋጋው አዲሱ ከ100 ዶላር በላይ ነው። ከኖቬምበር ጀምሮ እዚህ አካባቢ የዕቃ ሱቆች ያወጡታል፤ በሌላ ጊዜ በኢንተርኔት ይታዘዛል። ያገለገለም ይገኛል፤ የድሮ ኖርዌጂያን ቤተሰቦች ቤት ሲለቁ ይሸጡታል። አሮጌ ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። ቅቡ አለመላጡን፣ ደግሞም ገመዱ ከነሙቀት መቆጣጠሪያው መኖሩን። መቆጣጠሪያው ተነቃይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። እዚያው ሰክታችሁ መብራቱ እስኪጠፋ ሳትጠብቁ ገንዘብ አትስጡ።