ፍሌምዌር ወይስ ቪዥንስ? ብርሃን የሚያሳልፉ የድሮ ድስቶች ንጽጽር

ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡበት መደብር መደርደሪያ ላይ ሁለት ውስጣቸው የሚታይ ድስቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ቢያገኙ፣ አንዱ እንደ መስኮት መስታወት ቀለም የለሽ፣ ሌላው እንደ ጠቆር ያለ ማር ቡናማ ከሆነ፣ ልዩነታቸው የቀለም ብቻ ሊመስልዎ ይችላል። ሁለቱም የአሜሪካው የኮርኒንግ ኩባንያ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱም በቀጥታ ምድጃ ላይ እንዲጣዱ ታስበው ተሠርተዋል። ሆኖም የመጀመሪያው፣ ማለትም ፓይሬክስ ፍሌምዌር፣ መስታወት ሲሆን ሁለተኛው፣ ቪዥንስ፣ በሙቀት ከመስታወትነት ወደ ሴራሚክነት የተለወጠ፣ ግላስ ሴራሚክ የሚባል ቁስ ነው። ለማብሰልም ሆነ ለመሰብሰብ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ይህን ነው።

ፍሌምዌር በ1936 ገበያ ላይ ውሎ እስከ 1979 ተመርቷል። የተሠራበት አሉሚኖሲሊኬት የሚባለው መስታወት ከተለመደው የመጋገሪያ ፓይሬክስ የበለጠ ሙቀት ይችላል፤ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥን ግን እንደ ቪዥንስ አይቋቋምም። በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ሲጣድ ከሥሩ የሽቦ መደላድል እንዲደረግለት ይመከር የነበረውም በዚህ ምክንያት ነው። መደላድሉ ቀላል ሽቦ በመሆኑ ብዙ ቤት ውስጥ ጠፍቷል፤ ከድስቱ ጋር አብሮ ከተገኘ ሰብሳቢውን ደስ ያሰኘዋል። የቀደሙት ዕቃዎች ወደ ብርሃን ሲያነሷቸው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊነት ይታይባቸዋል፤ የኋለኞቹ ቀለም የለሽ ናቸው። ከፍሌምዌር መካከል ለስብስብ ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት ሰማያዊውን እወስዳለሁ።

የቪዥንስ ታሪክ የሚጀምረው በእቶን ብልሽት ነው። በ1953 የኮርኒንግ ኬሚስት ዶናልድ ስቱኪ አንድ የመስታወት ቁራጭ በ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያሞቅ እቶን ውስጥ ከተተ፤ መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ሙቀቱ ወደ 900 ዲግሪ ወጣ። ቁራጩ ቀልጦ እቶኑን አበላሽቷል ብሎ ሲከፍት ቅርጹን እንደያዘ ወተት መስሎ ነጥቶ አገኘው፤ በመቆንጠጫ ሲያወጣው አምልጦት ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ነገር ግን አልተሰበረም። ከዚህ ግኝት በ1958 ኮርኒንግዌር የተባለው ነጭ የማብሰያ ዕቃ ወጣ። ቪዥንስ የዚያው ቤተሰብ ታናሽ ነው፤ በውስጡ ያደጉት ክሪስታሎች ከብርሃን ሞገድ ርዝመት ያነሱ በመሆናቸው ብርሃን ሳይበተን ያልፋል፣ ድስቱም ሴራሚክ ሆኖ ሳለ ውስጡ ይታያል። እነዚህ ክሪስታሎች ሲሞቁ መጠናቸው እምብዛም ስለማይለወጥ ድስቱ በሙቀትና በቅዝቃዜ መካከል ሲመላለስ በቀላሉ አይፈነዳም። ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራው ቡናማው ቪዥንስ በ1983 የአሜሪካን ገበያ ተቀላቀለ፤ ደማቅ ቀይ የሆነው ክራንቤሪ የሚባለው ቀለም ደግሞ ከዓመታት በኋላ ተከተለው።

ወደ ማብሰሉ ስንመጣ ሁለቱም የሚጋሩት አንድ ድክመት አለ፤ ሙቀትን ወደ ጎን የማሰራጨት አቅማቸው ከአሉሚኒየም ጋር ጨርሶ አይወዳደርም። ይህን በደንብ የተረዳሁት ሁለት ሊትር ተኩል በሚይዘው ቡናማ ቪዥንስ ድስቴ ቁሌት ሳቁላላ ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ጥጄ፣ እንደ ብረት ድስት እሳቱን ከፍ አድርጌ ዞር ስል፣ ልክ ከምድጃው ቀለበት በላይ ያለው ሽንኩርት ክብ ሠርቶ አረረ፣ ዳር ያለው ግን ገና ጥሬ ነበር። አሁን እሳቱን ዝቅ አድርጌ፣ ውሃ ጠብ እያደረግሁ ሳላቋርጥ አማስላለሁ፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ይወጣልኛል። ለሽሮ በተቃራኒው እጅግ ይስማማል፤ አንዴ ከሞቀ ሙቀቱን ስለሚይዝ ከምድጃ ወርዶም ማዕድ ላይ እየተንተከተከ ይቆያል፣ ቲማቲምና ሎሚም ከቁሱ ጋር ስለማይዋሃዱ የብረት ጣዕም አያመጡም። በፍሌምዌር ውሃ አፈላለሁ፣ እንቁላል እቀቅላለሁ፤ ወጥ ግን አልሠራበትም፣ የሞቀው ድስት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ወጥ ሲሠራ የማይቀር ነገር ነውና። ሁለቱም በኢንዳክሽን ምድጃ ላይ አይሠሩም።

ገዢዎችን በብዛት የሚያሳስተው ክዳኑ ነው። የቪዥንስ ክዳን ከድስቱ ጋር ቢመሳሰልም ግላስ ሴራሚክ ሳይሆን የፓይሬክስ መስታወት ነው፤ በምንም ምክንያት እሳት ላይ ሊቀመጥ አይገባም። ከዚህም የሚብስ አደጋ አለ፤ ለመጋገሪያ ብቻ የተሠሩ ሌሎች ቡናማ የመስታወት ሳህኖች በቀለም ቪዥንስን ስለሚመስሉ አንዳንድ ሻጭ አደባልቆ ያቀርባቸዋል። ስለዚህ ሥሩንና እጀታውን ገልብጠው የተቀረጸውን ያንብቡ። የቪዥንስና የኮርኒንግ ስም ከሌለበት ምድጃ ላይ አይጣዱት። እንደ ቪ-2.5-ቢ ያለ ምልክት ካገኙ መካከል ላይ ያለው ቁጥር ድስቱ የሚይዘውን ሊትር ይነግርዎታል።

ስያሜው ከተረጋገጠ በኋላ ድስቱን ወደ መስኮት ይዘው ይሂዱ። ብርሃን ከጀርባው ሲወድቅበት ቀጥ ያለ፣ ጣት ሲሄድበት የማይሰማ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካዩ ስንጥቅ ነው፤ ይመልሱት። ከዚያ ጥፍርዎን በከንፈሩ ዙሪያ ቀስ ብለው ያዙሩ፤ ጥፍር የሚይዝበት ቦታ ካለ ተሸርፏል ማለት ነው። ውስጡ በብረት ሽቦ ተፈትጎ የደበዘዘ ድስትም እንዲሁ ይቅርብዎ፣ እያንዳንዱ ጭረት ጥንካሬውን ይቀንሳልና፤ ይህ ቁስ ሲሰበር ደግሞ በሹል ስብርባሪ ነው። በፍሌምዌር ላይ የሚጨመረው ምርመራ እጀታውን ከድስቱ አንገት ጋር የሚያስረው የብረት ቀበቶ ነው፤ የላላ ወይም የዛገ ከሆነ የፈላ ውሃ እጅዎ ላይ ሊገለበጥ ስለሚችል ለመደርደሪያ እንጂ ለኩሽና አይሆንም።

እንግዲህ ለዕለት ተዕለት ማብሰያ የሚፈልግ ሰው ምርጫው፣ በእኔ እምነት፣ ሽፋን የሌለው ቡናማ ቪዥንስ ነው። ብዙ ስለተሸጠ በቀላሉ ይገኛል፤ ክዳኑ ቢሰበርም ምትክ ማግኘት አይከብድም። ውስጡ የማያጣብቅ ሽፋን የተቀባው ቪዥንስም አለ፤ እሱን አልመክርም፣ ሽፋኑ ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ተፍቆ የሚያበስሉበትም የሚያዩበትም ያልሆነ ድስት ይተዋልና። ክራንቤሪው በአሠራር ከቡናማው የሚለይበት ነገር የለም፤ ተጨማሪ ገንዘብ ከተጠየቀበት የሚከፍሉት ለቀለሙ ነው፣ ቀለሙ ግን በእርግጥም ያምራል፤ ማታ መብራት ሥር የቆመ ክራንቤሪ ድስት ያየ ሰው ይህን አይክድም። ፍሌምዌርን የምመክረው ታሪኩን ለሚወድ፣ ከነእጀታውና ከነሽቦ መደላድሉ የተሟላ ዕቃ ላገኘ ሰብሳቢ ነው። ግዢው በፖስታ የሚላክ ከሆነ ክዳኑ ከድስቱ ተለይቶ ለብቻው እንዲጠቀለል ሻጩን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ድስቱ ላይ ተከድኖ ከተላከ በመንገዱ ግጭት መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው።